ባዶ አልጋ አይመሰክርም

አክስቴን ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቃት «ካውያ» በሚለው ስም ነው። ስሙ የወጣላት በሥራዋ ይሁን በምላሷ እስካሁን የተጣራ ነገር የለም። ሥራዋ ልብስ መተኮስ ነው። ከትልቁ መንገድ ገባ ብሎ ባለው ላውንደሪ፣ እንፋሎት ሲያፏጭ በሚውልበት የኋላ ክፍል ውስጥ የሰው ሸሚዝ ስትተኩስ ፀጉሯ ሸብቷል። ምላሷን በተመለከተ ደግሞ የላውንደሪው ባለቤት ራሱ «ዛሬ ካውያዋ ግላለች?» ብሎ ሳይጠይቅ ወደ ኋላ አይገባም። እኔ የታናሽ እህቷ ልጅ ነኝ። እዚያው ፊት ለፊት ቆሜ ልብስ እቀበላለሁ፣ ቁጥር እሰፋለሁ፣ አንድ እግር ካልሲ የጠፋበት ሰው ሲመጣ ስድብ እሰማለሁ። ስለ እሷ የምናገረው የሰማሁትን ሳይሆን ያየሁትን ነው።

ባሏ የአውቶቡስ ሾፌር ነበር። ዝምተኛ ሰው ነው። ሰው ሁሉ «እንዴት ቻላት?» ይላል፤ እውነቱን ለመናገር ግን የቻለችው እሷ ናት፣ ከግድግዳ ጋር መኖር ቀላል አይደለም። ልጅ አልወለዱም። ማታ ሲገባ የሥራ ሸሚዙን አውልቆ ይሰጣታል፣ ቀኑን ሙሉ ስትተኩስ ውላ የእሱን ደግሞ ቤት ትተኩሳለች። ደክሞሻል ተይው ሲላት «የሌላው ሥራ ነው፣ ያንተ ግን ያንተ ነው» ትለዋለች። በአክስቴ ቋንቋ ይሄ የፍቅር ንግግር ነው።

መጀመሪያ የዓይኑ ነጭ ቢጫ ሆነ፤ ቀጥሎ ሆዱ ተነፋ። ጉበት ነው አሉ። ሆስፒታል ሲተኛ ሐኪሙ አክስቴን ኮሪደር ላይ ጠርቶ እቅጩን ነገራት። ቤት ብትወስጂውም እዚህ ቢቆይም ልዩነት የለውም፣ የምትነጋገሩት ነገር ካለ ግን ጊዜው አሁን ነው አላት። ያንን ሐኪም እስከ ዛሬ ታመሰግነዋለች። እውነት ፊት ለፊት ሲነገራት የምትወድ ሴት ናት፤ ለሌላውም የምትሰጠው እሱኑ ነው፣ ሳትጠየቅ ጭምር።

ችግሩ የመጣው እሑድ ነው። እሑድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ በቀጥታ ሆስፒታል የሚመጣ የጥየቃ ቡድን አለ። ብርቱካን ይዘው፣ እየዘመሩ ይገቡና ከአልጋ አልጋ እየዞሩ ይጸልያሉ። መጥፎ ሰዎች አልነበሩም። ይሄን የምለው ጥርሴን ነክሼ ነው። ጠያቂ ለሌለው በሽተኛ ብርቱካን ልጠው ያጎርሳሉ፣ ያበጠ እግር ያሻሉ፣ ትራስ ያስተካክላሉ። መሪያቸው ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። የቡድኑ ሰዎች «እናታችን» ይሏቸዋል፤ እኔ እናት ስላለችኝ ሰብሳቢዋ እላቸዋለሁ። በወጣትነታቸው ሐኪም ተስፋ የቆረጠበት በሽታ ይዟቸው፣ ተጸልዮላቸው ድነዋል። ከዚያ ወዲህ ለሳቸው የሆነው ለሰው ሁሉ የማይሆንበት ምክንያት አይታያቸውም። አረንጓዴ ሻሻቸውን አስረው ሲገቡ የክፍሉ ግማሽ በሽተኛ ከትራሱ ቀና ይላል።

አንድ ደንብ ነበራቸው፤ ነርስ አይጠይቁም። ይሄ ሰው እንዴት አደረ፣ ሐኪሙ ምን አለ ብሎ መጠየቅ እነሱ ዘንድ መጠራጠር ነው። በሽተኛውን ያያሉ፣ ይጸልያሉ፣ ትነሳለህ ይላሉ፣ በሚቀጥለው እሑድ ይመለሳሉ። አልጋው ባዶ ከሆነ ድኖ ሄዷል፤ በቃ። ሆስፒታል ውስጥ አልጋ ባዶ የሚሆንበት ሌላ መንገድ እንዳለ ሕፃን ልጅም ያውቃል። እነሱም ያውቁ ነበር፤ ግን ማወቁ ራሱ ኃጢአት ይመስላቸዋል።

ሰብሳቢዋ የአክስቴን ባል እጅ ይዘው ብዙ ጸለዩለት። ሲጨርሱ እንደሚነሳ፣ የአውቶቡሱንም መሪ እንደገና እንደሚጨብጥ ነገሩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰውዬው ሌላ ሰው ሆነ። የሾፌር ዩኒፎርሙን ተኩሳ እንድታመጣለት አዘዛት። አመጣችለት፣ በመስቀያ አድርጋ ራስጌው ላይ ሰቀለችለት። የሚወጣ ቀን እሱን ለብሶ በቀጥታ ወደ ሥራ ሊሄድ ነው።

አክስቴ ግን የምትነግረው ነገር ነበራት። ምን እንደሆነ እኔንም ነግራኝ አታውቅም። ዝምተኛና ተናጋሪ ሲጋቡ ብዙ ነገር ሳይባል ያድራል፣ ከዚያም ዓመት ይሆነዋል። አጠገቡ ቁጭ ብላ ልትጀምር ስትል ወሬ ይቀይርባታል፣ ወይ ይተኛል። አንድ ቀን ምሳ ይዤ ስገባ ደረስኩ። «እንዲያው ምናልባት...» ብላ ገና አፏን ስትከፍት ያ ዝምተኛ ሰው ዓይኑን አፈጠጠባት።

«ምናልባት አትበይ» አላት። «አንቺ ምናልባት ያልሽ እንደሆነ ይበላሽብኛል።»

ካውያዋ ከዚያ ወዲያ አልደገመችውም። ስንብቱን በሆዷ ይዛ ሸሚዝ ትተኩሳለች፣ ሄዳ አጠገቡ ትቀመጣለች፣ ስለ ዝናቡና ስለ ጎረቤት ታወራዋለች። ሐሙስ ጠዋት የሞተው እንዲህ እንደተፈራሩ ነው። በመጨረሻ የተናገረውም ስንብት አልነበረም፤ ጫማዬን ቀለም አስቀቢልኝ ነው ያላት። ራስጌው የሰቀለችውን ዩኒፎርም አወረደች፣ አለበሰችው፣ በእሱ ተቀበረ።

ከቀብሩ በኋላ በሁለተኛው እሑድ ተነሽ ቤተ ክርስቲያን እንሂድ አለችኝ። የነዚያ ሰዎች ቤተ ክርስቲያን ነው፤ እኛ ረግጠነው አናውቅም። መሞቱን ልትነግራቸው ነው። «ብርቱካናቸውን በልቷል፣ ሳይሰሙ መቅረት የለባቸውም» አለች። ጥቁር ልብሷን ራሷ ተኩሳ ለበሰች። አምልኮው ሲያልቅ ሰብሳቢዋን ጠጋ ብላ ልታናግራቸው አስባ ከኋላ ወንበር ተቀመጥን።

አምልኮው ሳያልቅ የምስክርነት ሰዓት ደረሰ። ሰብሳቢዋ ሻሻቸውን አስተካክለው ማይክሮፎኑን ያዙና ስለ አንድ ሾፌር ተናገሩ። ሐኪም ተስፋ የቆረጠበት፣ ሆዱ የተነፋ፣ ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሾፌር። ጸለይንለት አሉ። ባለፈው እሑድ ብንሄድ አልጋው ባዶ ነው፣ ንጹሕ አንሶላ ተነጥፎበታል፣ ራስጌው ተሰቅሎ የነበረው ዩኒፎርምም የለም፤ ለብሶት ወደ ሥራው ሄዷል አሉ። ሕዝቡ ከመቀመጫው ተነሳ። እልልታው ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። አጠገባችን የነበረች ሴት ደስታዋ ቢበዛባት አክስቴን ከነጥቁር ልብሷ አቀፈቻት።

እኔ ልጮህ ነበር። ተነስቼ «ዋሾዎች» ልል አፌን ከፍቼ ነበር። አክስቴ ክንዴን ጨብጣ አስቀመጠችኝ፤ ዕድሜ ልኩን ካውያ የያዘ እጅ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ጭብጨባው እስኪያልቅ ጠበቀች፣ ከዚያ ቀስ ብላ ተነስታ ወጣች። መንገድ ላይ፣ «ለብሶታል እኮ» አለችኝ። «ዩኒፎርሙን ለብሶታል። እሱ ላይ አልዋሹም።»

ወሬ እግር አለው። ሰብሳቢዋ እውነቱን ሰምተው በሳምንቱ ላውንደሪው ድረስ መጡ። ይቅርታ ብቻ ብለው ቢሄዱ ነገሩ እዚያው ይበርድ ነበር ብዬ አስባለሁ። እሳቸው ግን ባሏ በሽታ ወደሌለበት ስለሄደ እሱም ፈውስ መሆኑን፣ ስለዚህ ምስክርነታቸው እንዳልተሳሳተ ያስረዱ ጀመር። ቁስል ላይ እንጨት መስደድ ማለት ይሄ ነው። አክስቴ የያዘችውን ሸሚዝ ጨርሳ፣ አንገትጌውን አስተካክላ፣ መስቀያ ላይ ሰቅላ፣ የሚተኮስ ይዘው መጥተው እንደሆነ ጠየቀቻቸው። አልያዙም። እንግዲያው ደህና ይዋሉ ብላ ፊቷን አዞረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሰብሳቢዋም ከፈጣሪዋም ጋር ተኳረፈች።

ሴት ባሏ የሞተበትን ሆስፒታል በር እንኳ ማየት አትፈልግም። እሷ ግን በሚቀጥለው እሑድ ሄደች። ልታጽናና መሰላችሁ? እልኋን ልትወጣ ነው። ቡድኑ ከአልጋ ወደ አልጋ ሲያልፍ እሷ ከኋላ ከኋላ እየተከተለች የገነቡትን ታፈርሳለች። ትነሳለህ ያሉትን ሰው ጠጋ ብላ፣ ለቤተሰብህ የምትናገረው ካለ ዛሬ ተናገር ትለዋለች። የቡድኑ ሰዎች «አፍራሽ» የሚል ስም አወጡላት። ካውያ ላይ አፍራሽ ተጨመረላት፤ አክስቴ ስም አታጣም።

አንድ ቀን አጥንቷ ብቻ የቀረ አንዲት በሽተኛ ዘንድ ሄዳ ያንኑ ስትል ሴትዮዋ ትራሷን ወረወረችባት። የቀረኝ ተስፋ ይሄ ነው፣ እሱንም ልትወስጂብኝ ነው ወይ ብላ ተንሰቀሰቀች። አክስቴ አመድ መስላ ተመለሰች።

«እኔም እንደነሱ ሆኛለሁ» አለችኝ። «እነሱ ሳይጠየቁ ትድናለህ ይላሉ፤ እኔ ሳልጠየቅ ትሞታለህ እላለሁ። ልዩነታችን ብርቱካኑ ነው።»

ከዚያ በኋላ መናገሩን ተወች። ጠያቂ የሌለው ሰው አጠገብ ሄዳ ዝም ብላ ትቀመጣለች። ዝምታው መጀመሪያ አስጨነቃት፣ እጇ ሥራ ካልያዘ ምላሷ ያመልጣታል። ስለዚህ የበሽተኞቹን ፒጃማና የትራስ ልብስ እየሰበሰበች ታመጣና እኔ ሰኞ አጥቤው፣ እሷ ተኩሳው፣ በእሑዱ ትመልስላቸዋለች። የላውንደሪው ባለቤት ሲያጉረመርም ሄደህ ከካውያዋ ጋር ተነጋገር አልኩት፤ ሳሙናው ብዙ አይደለም ብሎ ተወው። ጭምድድ ያለ ልብስ ለብሶ የከረመ ሰው ገና የተተኮሰ ፒጃማ ሲለብስ ፊቱ ላይ የሚመጣውን ነገር እኔም አይቻለሁ። ቦርሳ ተሸክሜ አብሬያት መሄድ የጀመርኩት ያኔ ነው። ያቺ ትራስ የወረወረችው ሴት እንዳትረሳብኝ፤ እሷ ዳነች። የሄደች ቀን በአክስቴ ካውያ የተተኮሰ ቀሚሷን ለብሳ፣ በሩ ላይ ቆማ፣ «አየሽ?» አለቻት። አክስቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሏትም አፍራም አታውቅም።

በወንዶቹ ክፍል መስኮቱ ሥር አንድ ሽማግሌ ግንበኛ ተኝተው ነበር። ሳንባቸውን የሲሚንቶ አቧራ ጨርሶታል። ትንፋሽ አጥሯቸው ቀልድ አያጥራቸውም። የክፍሉን ግድግዳ እያዩ፣ ይሄን የገነባው ሰው ውሃ ልክ አልነበረውም፣ የሚያዞረኝ በሽታው ሳይሆን ግድግዳው ነው ይላሉ። አክስቴ ወደደቻቸው። ቢጤዋን አገኘች ብዬ ሳቅሁ። አንድ እሑድ ቡድኑ ጸልዮ ካለፈ በኋላ ሽማግሌው፣ ልጄ አንቺስ አንድ ቀን አትጸልይልኝም ወይ አሏት።

«እኔና እሱ ተኳርፈናል አባባ» አለች።

ሽማግሌው ሊስቁ ሲሉ ሳል ያዛቸው። ውሃ አጠጣቻቸው። ትንፋሻቸውን እስኪሰበስቡ ድረስ እጃቸውን እያወዛወዙ አስጠበቋት።

«የማያውቀውን ሰው ማን ያኮርፋል?» አሉ። «እኔ ከመንገደኛ ጋር ተኳርፌ አላውቅም። የተኳረፍኩት ከወንድሜ ጋር ነው። አኩርፈሽው ከሆነ ያንቺ ነው ማለት ነው።»

አክስቴ ወንበሯን ወደ አልጋው አስጠጋች። ቀጥሎ የሆነውን ያየሁ እኔ ብቻ ነኝ፤ ላውንደሪ ውስጥ ባወራው የሚያምነኝ አልተገኘም። የሽማግሌውን እጅ ያዘች፣ ሲሚንቶ የበላውን፣ የተሰነጣጠቀውን እጅ። ዓይኗን ሳትጨፍን ጸለየች። ጸሎቷ ጸሎት አይመስልም፣ የተጣላችው ሰው ደጃፍ ላይ ቆማ የምታናግረው ነው የሚመስለው።

«ገና አልታረቅንም» አለች። «ስለ ባሌ የምንነጋገረው አለ፤ እሱ ይቆየን። ለዛሬ እኚህን ሰው አታንገላታቸው። ብቻቸውንም አትተዋቸው። አሜን።»

ሽማግሌው አሜን አሉ። እኔም ሳላስበው አሜን ብዬ ተገኘሁ።

በዚያው ሳምንት ሽማግሌው ወንድማቸውን አስጠሯት። በስልክ ለምናም ተቆጥታም አመጣችው። ምን እንደተባባሉ አልሰማንም፤ ያየነው ወንድምየው ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሲያለቅስ፣ ሽማግሌውም ስለ ግድግዳው ሲነግሩት ነው። ሲሞቱ እጃቸውን የያዘው እሱ ነው። ተአምር አልሆነም። ሳንባ ሆኖ የተመለሰ አቧራ የለም። ግን ተሰናብተዋል።

ሰኞ ሥራ ላይ አክስቴ ካውያውን ከፍ አድርጋ ይዛ፣ «እሱ እዚያ ነበረ» አለችኝ። ስለ ወንድምየው የምታወራ መስሎኝ ነበር። «ሽማግሌው አጠገብ ከነበረ ባሌም አጠገብ ነበረ ማለት ነው። እኔ ስረግመውም እዚያው ቆሞ ይሰማኝ ነበር ማለት ነው።» ይሄን ስትል ፊቷ የበራ እንዳይመስላችሁ። ተናዳ ነበር። ወንጌል ማንበብ የጀመረችው እንደዚያው እንደተናደደች ነው፤ በምሳ ሰዓት፣ የተኮሰችው ክምር ላይ ክርኗን አስደግፋ፣ ከመጽሐፉ ጋር እየተከራከረች። አንድ ቀን ጠራችኝና ጣቷን አንድ ቦታ ላይ አሳረፈች። ጌታ ወዳጁ ሞቶ መቃብሩ ዘንድ ሲደርስ፣ ሊያስነሳው እያወቀ፣ እንዳለቀሰ የሚናገረው ቦታ ነው። ሰብሳቢዋ ይሄን ገጽ ዘለውታል አለች። እውነቱን ለመናገር አክስቴ ያመነችው በተነሳው ሰው አይደለም፣ በለቅሶው ነው።

ዓመት ዞሮ ሰብሳቢዋ ራሳቸው ተኙ። በሴቶቹ ክፍል ከበሩ አጠገብ። ያ በወጣትነታቸው ለቋቸው የሄደው በሽታ ነው የተመለሰው ይባላል፣ ሌላ ነው የሚሉም አሉ። እኔ ስሰማ አላዘንኩም። ቅድስት ነኝ ያልኩበት ቦታ የለም። አክስቴም ቅድስት አልሆነችም፤ ሁለት እሑድ ሙሉ ፒጃማ ተሸክማ በአልጋው አጠገብ ስታልፍ አንገቷን አልመለሰችም።

ቡድኑ ግን አልጋውን ከቦ ይዘምራል። እንደሚነሱ ይነግሯቸዋል፣ ይሄን ያስተማሯቸውም ራሳቸው መሆናቸውን ያስታውሷቸዋል። ሰብሳቢዋ ፈገግ ይላሉ። ፀጉር ቤት የምትሠራ አንድ ልጅ አለቻቸው። እግርጌ ቆማ አብራ ትዘምራለች፣ ከዚያ ኮሪደር ትወጣና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ታለቅሳለች፣ ዓይኗን አብሳ፣ ከንፈሯን ቀለም ቀብታ፣ ፈገግ ብላ ትገባለች። አክስቴ ያንን አየች። ያንን ኮሪደር ታውቀዋለች።

በሦስተኛው እሑድ ቡድኑ ከወጣ በኋላ ሰብሳቢዋ በእጃቸው ጠሯት። እኔ አጠገባቸው ያለውን አልጋ ትራስ እያለበስኩ ስለነበር ቃል በቃል ሰምቻለሁ።

«አንቺ እውነት ትናገሪያለሽ ይሉሻል» አሏት።

«ምላሴ መጥፎ ነው። ሁልጊዜ እውነት ነው ማለት አይደለም።»

«እድናለሁ?»

ጊዜው የእሷ ነበር። በእሷ ቦታ እኔ ብሆን «ይነሳሉ» ብዬ በራሳቸው ቃል እገርፋቸው ነበር። አክስቴ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ሐኪም አይደለሁም» አለች። «እርስዎ ምን ይመስልዎታል?»

ሰብሳቢዋ ጣሪያውን ብዙ አዩ። አረንጓዴው ሻሽ ራሳቸው ላይ አልነበረም፣ አልጋው ብረት ላይ ታስሯል። ያለ ሻሹ ትንሽ ሴት ነበሩ።

«እየሞትኩ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ፈርቻለሁ። ይሄን ብነግራቸው ይወድቃሉ፣ ያቆምኳቸው እኔ ነኝ።»

«ለልጅዎስ?»

«ተስፋ የቆረጥኩ ይመስላታል።»

«ልጅዎ አሁን ኮሪደር ላይ ናት» አለች አክስቴ። «እያለቀሰች ነው። ከአጠገብዎ በወጣች ቁጥር ታለቅሳለች፣ እንዳያዩባት አብሳ ትገባለች።»

ሰብሳቢዋ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ እንባው ግን አልተጨፈነም። ይቅርታ የጠየቁት ያኔ ነው። ስለ ሾፌሩ፣ ስለ ዩኒፎርሙ፣ ላውንደሪው ድረስ መጥተው ስለተናገሩት፣ ነርሷን አንድ ቃል ጠይቀው ቢሆን ኖሮ ስለሚቀረው ነገር ሁሉ። እንዲህ ያለ ነገር ሲወራ ሴቶቹ ተቃቅፈው ይላቀሳሉ። እነዚህ አልተቃቀፉም።

«ስንብቴን ወስደውብኛል» አለች አክስቴ። «እሱን ሊመልሱልኝ አይችሉም። ይቅር ብያለሁ ብልዎት ዛሬ ውሸት ይሆንብኛል፤ እዚያ ለመድረስ እየሞከርኩ ነው፣ እሱ ያውቃል። የልጅዎ ስንብት ግን ገና እጅዎ ላይ ነው። እሷን አይከልክሏት።»

ተነስታ ወጣች፣ ልጅቷን ክንዷን ይዛ አስገባቻት፣ መጋረጃውን ዙሪያውን ሳበችና ውጭ ቆመች። ከውስጥ መጀመሪያ ለቅሶ፣ ከዚያ የማያልቅ ሹክሹክታ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ሳቅ መጣ። መድኃኒት ይዛ የመጣችውን ነርስ አክስቴ በዓይኗ ብቻ መለሰቻት። ወደ ቤት ስንመለስ ምን እንደተሰማት ጠየቅኋት።

«ቀናሁ» አለች። «በጣም ነው የቀናሁት። መጋረጃውን ልገልጠው ምንም አልቀረኝም።»

ሰብሳቢዋ የሞቱት በሚቀጥለው እሑድ ረፋዱ ላይ ነው። ፒጃማዎቹን ለማድረስ ቀደም ብለን ስለምንገባ እዚያው ነበርን። እጃቸውን ልጃቸው ይዛ ነበር። ሻሹን ከአልጋው ብረት ፈትታ አንገቷ ላይ ጠምጥማ አስከሬኑን ተከትላ ወረደች። በዚያው ሰዓት ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ፣ በኋላ እንደሰማነው፣ እናታችን እየተሻላቸው ነው ተብሎ እልል ተብሏል። ቡድኑ ስልኩን ዘግቶ አምልኮ ላይ ነበር፤ ከዚያም እንደ ልማዱ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል።

አልጋ ወረፋ የሚጠበቅበት ሆስፒታል ነው። የጽዳት ሠራተኛዋ ፍራሹን ወለወለች፣ ንጹሕ አንሶላ ነጠፈች፣ ትራሱን አስተካክላ ሄደች። ሰው ተኝቶበት የማያውቅ አልጋ መሰለ። አክስቴ ከፊቱ ቆማ አየችው። ከኮሪደሩ ጫፍ የቡድኑ መዝሙር ተሰማ።

ሄዳ አልጋው መሐል ላይ ተቀመጠች፣ ቦርሳዋን ታቅፋ። ነርሷ መጥታ አልጋ ላይ መቀመጥ ክልክል መሆኑን ነገረቻት። አውቃለሁ አለች፤ አልተነሳችም።

ቡድኑ ብርቱካኑን ይዞ ገባ። ከፊት የነበረው ጎልማሳ የአልጋውን ብረት አየ፣ ሻሹ የለም። ፊቱ መብራት ጀመረ። አፉን ከፈተ። ከዚያ የተቀመጠችውን ሴት አያት።

«ሞተዋል» አለች አክስቴ። ቀስ ብላ ነው የተናገረችው። «ዛሬ ጠዋት። አልፈሩም አልላችሁም፤ ፈርተዋል። ግን ልጃቸውን ተሰናብተዋል፣ ብቻቸውንም አልነበሩም። ጌታችሁ ሊያስነሳው ያለውን ሰው እንኳ መጀመሪያ አልቅሶለታል። ቁጭ በሉ። መጀመሪያ እናልቅስ።»

ማንም እልል አላለም። አንዷ ብርቱካኑን መሬት አስቀምጣ ከአክስቴ አጠገብ አልጋው ላይ ተቀመጠች፤ ቀጥሎ ሌላዋ። ነርሷም ተነሱ አላለችም። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ የእነዚያ ሰዎች እንባ ለሰብሳቢዋ ብቻ የፈሰሰ አይመስለኝም። በየባዶ አልጋው እልል ብለው ላለፏቸው ሁሉ የለቅሶ ዕዳ ነበረባቸው።

በማግሥቱ አክስቴ ላውንደሪ ገብታ እንደ ወትሮዋ ትተኩስ ነበር። የአንድ ሾፌር ሸሚዝ ደረሳት። ካውያውን አቁማ ሸሚዙን ትንሽ አየችው።

«ያን ጊዜ ለኔም አንድ ሰው አልጋው ላይ ቁጭ ብሎልኝ ቢሆን» አለች።

ሸሚዙን ገልብጣ ሌላውን ጎን መተኮስ ጀመረች።